ሦስት አይፓድ ፕሮ ወይስ አንድ ጭቃ የሚችል?

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አምስት ሰው ያለን ትንሽ የአርክቴክቸር ቢሮ ነን። ቢሯችን ሰሚት ነው። ሥራችን ግን አብዛኛው ለገጣፎ፣ ሰንዳፋና ቱሉ ዲምቱ ነው። እስካሁን ፕላን አትመን፣ ሜትር ይዘን ነው ሳይት የምንወጣው። ዘንድሮ ታብሌት ይገዛ ተባለ። አለቃችን «ሦስት አይፓድ ፕሮ» ይላሉ። የሥራ ባልደረባዬ ሰርፌስ (የማይክሮሶፍቱ የዊንዶውስ ታብሌት) ተገዝቶ፣ ሕንጻ የምንነድፍበትን ሬቪት የተባለ ፕሮግራም ሳይት ላይ እንክፈት ባይ ነው። ሒሳብ ሠራተኛችን ደግሞ «መርካቶ ርካሽ ሞልቷል» ትላለች። በሳምንት አራት ቀን ሳይት የምውለው እኔ ነኝ። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ምን ይመክሩኛል?

አቧራውንም ጭቃውንም የለመድኩት፣ ከሰሚት

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የያዘችኝ መጨረሻ ላይ ያለችው ነገር ናት። ጭቃ የምትረግጪው አንቺ፣ የሚመርጡት ሌሎች። እኔም በጊዜዬ ቢሮ ተቀምጬ ሳይት ለሚወጡ ልጆች ዕቃ መርጬ አውቃለሁ። ሲመለሱ የነገሩኝን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ስለዚህ ከብራንድ አንነሳም። ካንቺ ውሎ እንነሳ።

ጠዋት ከሰሚት ትወጫለሽ። ሰንዳፋ ላይ ከአስፋልቱ ትወርጃለሽ። ባጃጅ ከተገኘ በባጃጅ፣ ካልተገኘ በእግር። መሬቱ ኮትቻ ከሆነ በክረምት ጫማሽ ላይ ሌላ ጫማ ይሠራል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ትደርሻለሽ። ፎርማኑ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው የተጠቀለለ ፕላን ይዞ ይጠብቅሻል። «ኢንጂነር፣ ይቺ ደረጃ ከየት ነው የምትነሳው?» ይልሻል። አርክቴክት ነኝ ብትዪውም ለውጥ የለውም፤ ሳይት ላይ ሁሉም ኢንጂነር ነው። ታብሌቱ የሚፈተነው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው። በአንድ እጅ ይያዛል ወይ? ፀሐይ ላይ ይታያል ወይ? ፕላኑ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል ወይ? የቀረው አብዛኛው የሻጭ ወሬ ነው።

ከፀሐዩ ልጀምር። ያለንበት ከፍታ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። የቀትር ፀሐይ እዚህ አይቀልድም። ሱቅ ውስጥ አምፖል ስር የሚያበራ ስክሪን ሁሉ፣ 6 ሰዓት ላይ ስላብ ላይ ስትወጪ ጥቁር መስታወት ይሆናል። የስክሪን ብርሃን የሚለካው በኒት ነው። የአይፓድ ኤር ባለ 11 ኢንች 500 ኒት አለው። አይፓድ ፕሮ እ.ኤ.አ. ከ2024 ሞዴል ጀምሮ 1,000 ይደርሳል። እዚህ ላይ አለቃሽ እውነት አላቸው፤ ፕሮው ፀሐይ ላይ በደንብ ይታያል። ርካሹ ተራው አይፓድ ግን ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ የለውም፤ በመስታወቱና በስክሪኑ መካከልም ክፍተት አለ። ፕላኑን ልታዪ ጎንበስ ስትዪ የራስሽን ፊትና የሰንዳፋን ደመና ታያለሽ።

ብርሃን ብቻውን ግን አይበቃም። አፕል አይፓድን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ተጠቀሙበት ይላል። አየሩ 25 ዲግሪ ቢሆንም፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጥቁር መስታወት ከአየሩ በላይ ይግላል። ሲግል ስክሪኑ በራሱ ይደበዝዛል። ከባሰበት ጭራሽ ይዘጋል። እኔ አንድ ቀን ዱከም ላይ ታብሌት መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ትቼ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ስመለስ «ይቀዝቅዝ» የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ አልሠራም አለኝ። ባለቤቱ፣ ኮንትራክተሩና ቀያሹ ከበውኝ ቆመው፣ እኔ ታብሌት በጋዜጣ አራግባለሁ። ስለዚህ በማይጠቀሙበት ሰዓት ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ጥቁር ሽፋን አትግዢለት።

አሁን ስለ መጠኑ። ብዙ ቢሮ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

የ11 ኢንች ታብሌት ስክሪን ከኤ5 ወረቀት ጋር ተቀራራቢ ነው። እናንተ ፕላን የምታትሙት ኤ1 ላይ ይመስለኛል። አንድ ኤ1 ውስጥ 16 ኤ5 አለ። ሙሉውን ሉህ ታብሌቱ ላይ ስታሳዪ ቁመቱም ወርዱም ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ኤ1 ላይ 2.5 ሚሊሜትር የነበረው የልኬት ጽሑፍ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ጤፍን ታውቂያለሽ፤ የዚያን ያህል ነው። ፎርማኑ ዓይኑን አጥብቦ፣ በሁለት ጣቱ ለጥጦ፣ ደረጃውን ሲያገኝ መኝታ ቤቱ ይጠፋዋል። ከዚያ «ኢንጂነር፣ ወረቀቱን አምጪልኝ» ይላል። እውነቱን ነው።

13 ኢንች ገዝቶ መፍታት የሚቻል ይመስላል። ግን 13 ኢንች ከነሽፋኑ በአንድ እጅ ይዘሽ መሰላል ስትወጪ ክንድሽ ይመሰክራል። 8 ኢንች ደግሞ ኪስ ይገባል እንጂ ለፕላን አይሆንም፤ ፎቶ ለማንሳትና ቼክሊስት ለመሙላት ነው የሚመቸው። ለእናንተ ሥራ ከ10 እስከ 11 ኢንች ያለው ልክ ነው። ቀሪውን ችግር የሚፈታው ሉሁን የሚያዘጋጀው ቢሮ ነው። ለታብሌት የተለየ ሌይአውት ሥሩ። አንድ ገጽ ላይ አንድ ወለል ብቻ። የግድግዳ ሃች፣ ያ ግድግዳውን የሚሞላው መስመር፣ ይጥፋ። ለሳይት የማያስፈልግ የዕቃ ሥዕል፣ አልጋና ሶፋ፣ ይነሳ። የልኬት ጽሑፉ ኤ3 ላይ ሲታተም ያለችግር የሚነበብ ይሁን። ይህን በአንድ ከሰዓት አንድ ልጅ ይጨርሰዋል፤ ውጤቱ ከ11 ኢንች ወደ 13 ኢንች ከመዝለል ይበልጣል። አለቃሽ ሦስት ታብሌት ከመግዛታቸው በፊት ይህን ሥራ ለማን እንደሚሰጡ ይወስኑ።

ወረቀቱን ግን አትጣሉት። የተፈረመው ሳይት ላይ የሚቀመጠው ኮፒ፣ የሳይት ትዕዛዝ መዝገቡም፣ በወረቀት ይቆዩ። ክርክር ሲመጣ ሰው የሚያወጣው ፊርማውን ነው።

ባልደረባሽ ስለ ሬቪት ያነሳው እንዲህ ነው። ሬቪት የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ስለሆነ ሰርፌስ ማለቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ሳይት ላይ ሞዴል ማን ይሠራል? ሳይት ላይ ታያለሽ፣ ትለኪያለሽ፣ ፎቶ ታነሻለሽ፣ መታረም ያለበትን ቀይ ታደርጊያለሽ። ሞዴሉ ቢሮ ይታረማል። ሰርፌስ ለሳይት ሲገዛ፣ ሳይት ላይ የሚጋልና ቶሎ ቻርጅ የሚጨርስ ላፕቶፕ ተገዛ ማለት ነው። ፕላኑን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አውጡ። አንድሮይድም አይፓድም ላይ ፒዲኤፍ ላይ በብዕር የሚጽፍ ነፃ አፕ አለ። የኦቶካድ የሞባይል አፕ በሁለቱም ይሠራል፤ የኦቶካድ ሥዕል ፋይሉን፣ ዲደብሊውጂን፣ ይከፍታል። ነገር ግን ለማረም ክፍያ ይጠይቃል፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ለዚያ ቢሮው ካርድ ከሌለው ፋይሉን ማየት ብቻ ይበቃል፤ የቀረው በፒዲኤፍ ያልቃል።

ኔትወርክ ላይ ብዙ አልልም፤ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። ማታ ቢሮ ዋይፋይ ላይ አውርጂው። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት አውሮፕላን ሞድ አድርገሽ ፋይሉ መከፈቱን እዪ። ካልተከፈተ አላወረድሽውም። የሰንዳፋ ባጃጅ ውስጥ ከማወቅ ቢሮ ማወቅ ይሻላል።

ስለ ቴሌግራም ግን አንድ ነገር። ሁላችንም የሳይት ፎቶ በቴሌግራም ነው የምንልከው። እንደ ፎቶ ስትልኪው ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ የተነሳበትን ሰዓትና ቦታም ያጠፋዋል። ፌሮው መች እንደታሰረ፣ አርማታው ሳይፈስ ማን እንዳየው የሚመሰክረው ይህ ነው። እንደ ፋይል ላኪው። ይህ ነፃ ነው፣ አዲስ ዕቃም አይጠይቅም፤ ቢሆንም የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ስለ ጂፒኤስ። ይህ ሳይጠየቅ የሚገዛና በኋላ የሚያስለቅስ ነገር ነው። ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ጂፒኤስ የለውም። ሲም የሚወስደው አለው። የሳምሰንግ አብዛኞቹ በዋይፋይ ሞዴላቸውም አላቸው፤ አሁንም ከመግዛትሽ በፊት ሱቁ በር ላይ ካርታ ከፍተሽ አረጋግጪ። ሲም ያለው መሆኑ ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም ያንዱ መስመር ሲደክም ሌላውን ለመሞከርም ይጠቅማል። ለሳይት ከሆነ ያለ ሲም አትግዢ።

ጂፒኤስ አለው ማለት ግን ቀያሽ ነው ማለት አይደለም። የታብሌት ጂፒኤስ ሰማይ ክፍት በሆነ ሜዳ ላይ እንኳ በጥቂት ሜትር ይስታል። ሌላም ወጥመድ አለ። በካርታ ላይ የተጻፉት የይዞታ ነጥቦች ብዙ ጊዜ አዲንዳን በሚባለው የቆየ የካርታ መነሻ የተሰሉ ናቸው፤ በሜትር በሚቆጥረው ዩቲኤም፣ ዞን 37 ሰሜን። ታብሌቱ የሚሰጥሽ ግን ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ሌላ መነሻ፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱን ሳታመሳስዪ ቁጥሩን አፑ ላይ ብትጽፊ ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። ሸሽቶ ሜዳ ላይ ቢያርፍ ይታወቃል። የሰው ግቢ ላይ ቢያርፍስ? እኔ የማውቀው አንድ ሥራ አጥር የተመታው ከቀያሽ ችካል ሳይሆን ከታብሌት ነጥብ ተነስቶ ነው። ቁጥሩ ተመሳስሎ ነበር፣ የሳተው በአራት ሜትር ብቻ ነው። ጎረቤቱ ጠዋት ተነስተው አጥሩ የጓሮ ጎመናቸውን ለሁለት ከፍሎት አዩት። የብሎኬቱ ኪሳራ አለቀ፤ የጎረቤት ኩርፊያው ግን አላለቀም። ታብሌቱ ሳይቱን እንድታገኚና ፎቶው ላይ ቦታ እንዲያትም ነው። ችካል የቀያሽ ሥራ ነው።

ዝናቡ ጋ ደረስን። ሐምሌ ላይ 9 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ይዞርና ያወርደዋል። አይፓድ፣ ተራውም ፕሮውም፣ ውኃ ይችላል የሚል ይፋዊ ደረጃ የለውም። ሳምሰንግ ውስጥ አይፒ68 ያላቸው አሉ፤ ንጹሕ ውኃ ውስጥ 1.5 ሜትር ጥልቀት ላይ ለ30 ደቂቃ ይችላሉ ማለት ነው። አንቺ ውኃ ውስጥ አትገቢም፤ ግን በርሜል አጠገብ ትቆሚያለሽ፣ የሲሚንቶ ውኃም ይረጭብሻል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ታብ ኤስ9 ኤፍኢ 10.9 ኢንች ነው፣ አይፒ68 አለው፣ ብዕሩም ከካርቶኑ ጋር ይመጣል። የአይፓድ ብዕር ለብቻው ነው የሚገዛው፤ ሒሳብ ሠራተኛችሁ ዋጋ ስታነጻጽር ይህን ትደምር። እርጥብ ስክሪን ላይ ጣት ይዛበራል፤ ጠብታውን ጣት ይመስለዋል። የሳምሰንግ ብዕር ግን የሚሠራበት መንገድ ስለሚለይ በጠብታ ላይም ይጽፋል።

ከዚያ በላይ ጠንካራ ከፈለጋችሁ ታብ አክቲቭ የሚባሉት አሉ። ታብ አክቲቭ4 ፕሮ 10.1 ኢንች ነው። ታብ አክቲቭ5 8 ኢንች ነው። ሁለቱም በጓንት ይነካሉ፤ ባትሪያቸው በእጅ ወጥቶ ይቀየራል። ይህቺን ባትሪ አትናቂያት። መብራት ለሁለት ቀን ሲጠፋ የተሞላ ትርፍ ባትሪ ኪስ ውስጥ መያዝ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ እዚህ አገር በቀላሉ አለመገኘታቸው ነው፤ ውጭ አገር የሚመላለስ ዘመድ ካለ ይቀላል። ካልሆነ ኤስ9 ኤፍኢን ወይም ተከታዩን ኤስ10 ኤፍኢን ከወፍራም የጎማ ሽፋን ጋር፣ ባለ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ፓወር ባንክም ጨምሩ። ያ ፓወር ባንክ እንዲህ ዓይነቱን ታብሌት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሞላል። ሁለቴ ይሞላል የሚልሽ ሻጭ መንገድ ላይ የሚባክነውን አልቆጠረም።

የመርካቶው ርካሽ? ሒሳብ ሠራተኛችሁ ሥራዋን ነው የሠራችው። አዲስ ርካሽ ከሆነ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ አይታይም። ውድ የነበረ ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። አንዴ «ስላይት ዩዝድ» ተብዬ አንድ አይፓድ ገዛሁ። ሱቁን አልናገርም። እንደ አዲስ ያበራል፣ ጭረት የለውም። ቤት ወስጄ ከባዶ ላስጀምረው ስል የማላውቀውን ድርጅት ስም አወጣና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ከውጭ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት የወጣ ዕቃ ነበር፤ ቁልፉ ርቆ ቀርቷል። ስለዚህ ያገለገለ ከሆነ፣ ሻጩ ፊት ሙሉ በሙሉ ሪሴት ይደረግ። በራስሽ አካውንት ተከፍቶ መነሻ ገጹ እስኪመጣ ብር አይውጣ። «ቤት ሄደሽ ታደርጊዋለሽ» ካለሽ አመስግነሽ ውጪ።

ዋጋ አልጻፍኩም፤ ሆን ብዬ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ከሆነ ወዲህ የጻፍኩት ቁጥር አንቺ ጋ እስኪደርስ ያረጃል። በአንድ ቀን ሦስት ሱቅ ጠይቂና መካከለኛውን ያዢ። ደረሰኝ ላይ የመለያ ቁጥሩ ይጻፍ።

ለአለቃሽ ፍትሐዊ ለመሆን አይፓድ ፕሮ ላይ ከብርሃኑ ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ላይዳር፣ ርቀትን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ። ከ5 ሜትር ባልራቀ ውስጥ ክፍል እየዞርሽ ስትቀርጪ ቅርጹን ያወጣልሻል። የቆየ ቤት ላይ ተጨማሪ ክፍል ለምትሠሩ ሰዎች ጥሩ ነው፤ የረሳሽውን መስኮት ቢሮ ሆነሽ ታዪዋለሽ። ልኬቱ ግን በሴንቲሜትሮች ይስታል። ደግሞ የምትለኪው የጭቃ ቤት መሆኑን አትርሺ። የጭቃ ቤት ግድግዳ ቀጥ ብሎ አያውቅም። አራቱን ጎን ለክተሽ ቢሮ ስትሥይው ማዕዘኑ አይዘጋም። ሁለቱን ዲያጎናል ለኪ። ከታችም ከላይም ለኪ፤ ግድግዳው ወደ ውጭ ሊተኛ ይችላል። ይህን የሚሠራው የሌዘር መለኪያ ነው። ብሉቱዝ ያለው የቦሽ ወይም የላይካ ሌዘር በ1.5 ሚሊሜትር ገደማ ትክክል ነው፤ ቁጥሩን ቀጥታ ታብሌቱ ላይ ይልከዋል። ቁጥር ስትጽፊ 3.47ን 3.74 ማድረግ ቀረ። ቀዩ ነጥብ ፀሐይ ላይ ስለማይታይ ውጭ ስትለኪ አንድ ሰው ነጭ ካርቶን ይያዝልሽ።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ሦስት አልገዛም። አንድ ውኃ የሚችል፣ ሲም የሚወስድ፣ 11 ኢንች ገደማ የሆነ አንድሮይድ ታብሌት እገዛለሁ። ለሦስት ይውል ከነበረው ከሚተርፈው ሁለት ሌዘር እገዛለሁ። ታብሌቱን አንቺ ትይዢዋለሽ፤ አንድ ወር ጭቃም አቧራም ይቅመስ። አንድ ወር ሲሞላ ለአለቃሽ የምታቀርቢው ነገር ይኖርሻል፤ ያልተከፈተው ፋይል፣ ያልታየው ስክሪን፣ ወረቀት አምጪ የተባልሽበት ቀን። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከዚያ በኋላ ይገዛ። የቆዩ ቤቶች እድሳት ከበዛላችሁ ያኔ አንድ ፕሮ ለላይዳሩ ሲባል ቢጨመር አልቃወምም።

አለቃሽ «አይ፣ ሦስት ፕሮ» ካሉ አትከራከሪያቸው። እሳቸው ቢሮ ውስጥ ነው የሚጠቀሙበት፤ እዚያ ምንም አይልም። ይልቅ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ቱሉ ዲምቱ አብረሽ ውሰጃቸው። ሰዓቱን 6 አድርጊው። ስላቡ ላይ ውጡና የራሳቸውን ስልክ አውጥተው፣ ፕላኑን ከፍተው ከሰገነቱ እስከ ደረጃው ያለውን ልኬት እንዲያነቡልሽ ጠይቂያቸው። መጀመሪያ ብርሃኑን ይጨምራሉ። ከዚያ በእጃቸው ያጠሉበታል። ከዚያ ወደ ኮለኑ ጥላ ይሄዳሉ። ያኔ አንቺ ዝም በዪ።